የሒሳብ ወረቀት ወይስ የሥዕል እንቆቅልሽ? ለትንንሽ ልጆች ፕሪንት ከማድረጋችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት 120 ገጽ የሒሳብ ወረቀት በፍላሽ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ከኢንተርኔት በነፃ ያወረድኩት ነው። ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ትምህርት ቤት እስኪከፈት በቀን ሁለት ሁለት ገጽ ትሠራለች ብዬ ሒሳቤን ጨርሻለሁ። ፕሪንት ተደርጎ፣ ተጠርዞ ተሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ስገልጠው የመጀመሪያዎቹ ሰላሳ ገጾች ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ልጁ በላዩ ላይ እንዲጽፍባቸው የተሠሩት ቁጥሮች በስስ ግራጫ ነጥብ ስለነበሩ፣ ቀለም ቆጣቢ ላይ የነበረው ማሽን በልቷቸዋል። ቀጥሎ «ቀዮቹን ፖሞች ቁጠር» የሚል መጣ። ፖሞቹ ሁሉም ግራጫ ናቸው። ከዚያ የበረዶ ሰው።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የበረዶ ሰው ነው።»

«አፍንጫው ለምን ካሮት ሆነ?»

ስለ ካሮቱ ስናወራ ሩብ ሰዓት ሄደ። የበረዶ ሰዎቹን የቆጠራቸው የለም።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላይ ነው ያሳተምኩት። ከዚያ ወዲህ ለልጄም፣ ለእህቴ ልጆችም፣ ለጎረቤትም ብዙ ዓይነት ሞክሬያለሁ። እዚህ የማነጻጽረው ከ3 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆኑትን ነው። የድረ ገጽ ስም አልጠራም። ዛሬ ነፃ የሆነው ነገ ያስከፍላል፤ የወረቀቶቹ ዓይነት ግን የትም ብትሄዱ ያው ነው። የፕሪንት ዋጋም አልጽፍም፣ እስክታነቡት ይለወጣል።

በምን ልመዝነው?

አንድን ወረቀት ሳይ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው፦ ልጁ ቁጥር ባያውቅ ይህን ገጽ መጨረስ ይችላል? የሚችል ከሆነ ወረቀቱ ቁጥር አያስተምርም። እጅ ያፍታታ ይሆናል፣ ልጁንም ዝም ያሰኝ ይሆናል። ሒሳብ አስተማርኩ ማለት ግን ራስን መሸወድ ነው።

ሁለተኛው፦ ስህተቱን ማን ይነግረዋል? የሚነግረው ወላጅ ብቻ ከሆነ፣ እኔ ወጥ እያማሰልኩ ከሆነ አለቀ። ልጁ ዘጠኙንም ተሳስቶ ይጨርስና ይዞልኝ ይመጣል። ራሳቸው የሚናገሩ ወረቀቶች አሉ። ሥዕሉ ካልገጠመ ልጁ ራሱ ያየዋል።

ሦስተኛው፦ ስንት ጊዜ ይሠራል? ባለ ቀለም ፕሪንት ከጥቁርና ነጭ እጥፍ ድርብ ይወደዳል። ግን ሠላሳ ጊዜ የሚሠራ አንድ ባለ ቀለም ገጽ፣ አንዴ ተሠርተው ከሚጣሉ ሠላሳ ጥቁርና ነጭ ገጾች ይረክሳል። ዋጋውን በገጽ ሳይሆን በአጠቃቀም ቁጥር አካፍሉት።

አራተኛው፦ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ትርጉሙ ይቀራል? አምስተኛው፦ ከቤታችን ጋር ይስማማል? ሥዕሉ፣ ቋንቋው፣ ሰዓቱ፣ ገንዘቡ። ስድስተኛው የወላጅ ድካም ነው። መቁረጥ፣ መለጠፍ፣ መፈለግ። ይህን ሳያስቡ የሚጀምሩ እናቶች ብዙ ነን፤ መሳቢያችን በግማሽ በተቆረጠ ወረቀት ተሞልቷል።

ወረቀቱን ተዉትና መጀመሪያ ባቄላ አምጡ

ልጁ የቱ ጋ እንዳለ ሳታውቁ አትምረጡ። አምስት ባቄላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉ። «እስቲ ቁጠራቸው» በሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» ይላል። ወዲያው «ታዲያ ስንት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ።

«አምስት» ካለ አንድ ደረጃ ተሻግሯል። እንደገና «አንድ፣ ሁለት...» ብሎ ከጀመረ ገና ነው። ቁጥር ለሱ እንደ ዘፈን ነው፤ የመጨረሻው ቃል የሁሉንም ብዛት እንደሚናገር አልያዘም። ሮሼል ጌልማንና ቻርልስ ጋሊስቴል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. የመቁጠርን አምስት መርሆች ሲያስቀምጡ ይህ አንዱ ነበር። ሌላው ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቃል ብቻ መስጠት ነው። ልጄ ያኔ አምስት ባቄላ ስትቆጥር ስድስት ላይ ትደርስ ነበር፤ ጣቷ ከአፏ ይዘገያል።

እንዲህ ላለ ልጅ የመደመር ወረቀት ማሳተም ብር መበተን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ባቄላውን ይቁጠር። ቤት ውስጥ የሚድህ ሕፃን ካለ ግን ባቄላውን ተዉት፣ ወደ አፉ ይከተዋል። ማንኪያ ይሻላል።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ

ቁጥር በነጥብ ላይ መጻፍ። ኬጂ ያለው ልጅ ወላጅ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው፤ የቤት ሥራ ሆኖ ይመጣል። ገጹ ከላይ እስከ ታች 3፣ 3፣ 3 ነው። በመጀመሪያው መመዘኛዬ ወደቀ። ልጁ ሦስት ማለት ምን ያህል እንደሆነ ሳያውቅ አሳምሮ ይጨርሰዋል፤ እኛም «ጎበዝ!» እንላለን። የሚያስተምረው የእጅ ጽሕፈት ነው። ያም ይፈለጋል፤ 2ን ገልብጦ የሚጽፍ ልጅ ያለው ያውቀዋል። ግን ለ3 ዓመት ልጅ ቀድሟል። ከመረጣችሁ ነጥቡ ደማቅ ጥቁር የሆነውን፣ ከየት እንደሚጀመር ቀስት የሚያሳየውን፣ በአንድ ገጽ ከሁለት መስመር ያልበለጠውን ምረጡ። ከጎኑ ሦስት ብርቱካን የተሳለበት ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ቆጥሮ ማዛመድ። አራት ዶሮ እዚህ፣ 4 ቁጥር እዚያ፣ በመስመር አገናኝ። ለጀማሪ ከሁሉም የተሻለ ነው ብዬ አስባለሁ። ቁጥር የማያውቅ ልጅ በግምት ካልሆነ አይጨርሰውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዶሮዎቹ በሰልፍ ከቆሙ ይቀላል፤ ከተበተኑ ይከብዳል። ሲበተኑ ልጁ የቆጠረውንና ያልቆጠረውን መለየት አለበት። መጀመሪያ በሰልፍ ያለውን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የተበተነውን ስጡት። ለተበተነው «የቆጠርከውን ሰርዘው» ብላችሁ አሳዩት። ልጄ ይህን ስትለምድ ስድስት ባቄላ ማለቷ ቆመ።

ሌላም ተንኮል አለ። ብዙ ገጾች ላይ ጥንዶቹ ሁልጊዜ ትይዩ ናቸው፤ ወይም መጨረሻ የቀረው ሥዕል መልሱን ይሰጣል። በግራ አራት ሥዕል፣ በቀኝ አምስት ቁጥር ያለው ወረቀት ካገኛችሁ ሠሪው አስቦበታል ማለት ነው።

በቁጥር ቀለም መቀባት። ልጆች ይወዱታል። «1 ቀይ፣ 2 ቢጫ፣ 3 አረንጓዴ» ይላል፤ ልጁ 3 የተጻፈበትን ቦታ አረንጓዴ ያደርጋል። እዚህ 3 ምልክት ብቻ ነው። በቦታው «ሀ» ቢቀመጥ ልዩነት የለውም። የሚሻለው ቦታው ላይ ቁጥር ሳይሆን ሦስት ነጥብ ያለው ነው። ለ6 ዓመት ልጅ ደግሞ «2+1» የተጻፈበት። ከሁለቱ አንዱን ካላገኛችሁ ለማረፊያ ብቻ ተጠቀሙበት። ጥቁርና ነጭ ይበቃዋል፤ የቀለም መግለጫው ራሱ በቀለም ብቻ ከተሠራ ግን ቤት ስትደርሱ የትኛው ካሬ ቢጫ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የቀለሙ ስም በጽሑፍ መኖሩን እዩ።

ነጥብ ማገናኘት። ከ1 እስከ 10፣ ከዚያ እስከ 20፣ እስከ 50። የቁጥር ቅደም ተከተል ያስለምዳል፣ ስህተቱም ወዲያው ይታያል። ችግሩ ዓሣው ከሩቁ ዓሣ ከመሰለ ልጁ ቁጥሩን ትቶ ዓሣውን ይስለዋል። ዓይኑና ክንፉ አስቀድሞ የተሳለለትን አትምረጡ። ነጥቦቹን አይታችሁ እናንተም ምን እንደሆነ ካላወቃችሁት ጥሩ ነው።

መደመርና መቀነስ። ይህ የአንደኛ ክፍል ነገር ነው፣ ቀደም ካለ 6 ዓመት። በአንድ ገጽ 30 ጥያቄ ያለው ይሸጣል። ስምንት ይበቃል። ከብዛቱ ይልቅ ባዶው ቦታ የት እንዳለ እዩ። ሁሉም «3+4=__» ከሆኑ ልጁ «=» ማለት «መልሱን ጻፍ» ማለት ይመስለዋል። «__+4=7» እና «7=3+__» የተቀላቀሉበት ገጽ ያንን ያርመዋል። የእህቴ የስድስት ዓመት ልጅ «7=3+__» ሳሳየው «ተገልብጧል፣ ትክክል አይደለም» አለኝ። አንድ ሙሉ ጥራዝ የመደመር ደብተር ጨርሶ ነበር።

መንገድ ፍለጋ፣ ማለትም አይጧን ወደ አይቡ የሚያደርሰው፣ እርሳስ መያዝ ያስተምራል፣ ትዕግሥትም ያስለምዳል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

የሥዕል እንቆቅልሹ

ልዩነት ፍለጋ ከሁለት ሥዕሎች መሃል የጎደለውን ማግኘት ነው። ግማሾቹ የቀለም ልዩነት ናቸው፤ እነዚያ ጥቁርና ነጭ ላይ ይሞታሉ። ፈልጋችሁ የብዛት ልዩነት ያለባቸውን አምጡ። በአንዱ ቤት ሦስት መስኮት፣ በሌላው አራት። አንዱ ዛፍ ላይ አምስት ወፍ፣ በሌላው ስድስት። ልጁ ሳይታዘዝ ይቆጥራል። «ቁጠሪ» ስላት አፏን የምታኮርፍ ልጅ ወፎቹን ሦስት ጊዜ ስትቆጥር አይቻለሁ።

ተቆርጦ የሚገጣጠም ሥዕል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ነገሩ ሲጀመርም ለማስተማሪያ ነበር። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል ካርታ ሠሪ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር ቆርጦ ለልጆች የጂኦግራፊ መማሪያ አድርጎ ሸጦታል።

ከኢንተርኔት የምታገኙት የቁጥር ዓይነቱ እንዲህ ነው። አንድ ሥዕል ወደ ጎን በአሥር ረዣዥም ቁራጮች ተከፍሏል፤ ከየቁራጩ ሥር ከ1 እስከ 10 ቁጥር አለ። ቁጥሩን በተራ ስትደረድሩ ሥዕሉ ይወጣል። ያምራል። ግን መመዘኛዬን አስታውሱ፦ ልጁ ቁጥሩን ሳያይ በሥዕሉ ብቻ ሊገጥመው ይችላል። ልጄ ያደረገችውም ይህንኑ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ከጀርባ ጻፉት። አሮጌ ካላንደር ላይ ያለ ሥዕል ይበቃል። ኤ4 የሚያህል ቁረጡና የጫማ ካርቶን ላይ ለጥፉት። ወደ ጎን 29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሥዕሉን እያያችሁ ከግራ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ቁረጡ። እያንዳንዱን እንደ መጽሐፍ ገጽ ገልብጣችሁ ቁጥሩን ጀርባው ላይ ጻፉ። ልጁ ሥዕሉን ወደ ታች አድርጎ በቁጥሩ ይደረድራል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ባለበት ቦታ ይገለብጠዋል። ተራው ልክ ከሆነ ሥዕሉ ይወጣል። አንድ ከተሳሳተ የላሟ እግር ጭንቅላቷ ጋ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ሳቁን ማቆም አይቻልም። ማንም «ተሳስተሃል» አላለውም።

ሲሰለቸው በእርሳስ የጻፋችሁትን አጥፍታችሁ ከ11 እስከ 20 አድርጉት። ከዚያ 10፣ 20፣ 30 እያላችሁ እስከ 100። የኛ ቤቱ ከስምንት ወር በላይ ሆኖታል፤ ጠርዙ ቢላላጥም ይሠራል።

ታንግራም ከቻይና የመጣ ነው። አንድ ካሬ በሰባት ይቆረጣል፦ አምስት ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ካሬ፣ አንድ ያዘመመ አራት ማዕዘን። በሰባቱ ድመት፣ ጀልባ፣ ሰው ይሠራል። ቁጥር የለውም፤ መመዘኛዬ እዚህ ላይ ራሴን ያዘኝ። ግን ሒሳብ ነው። ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ካሬ እንደሚሆኑ በእጁ ያገኘ ልጅ በኋላ ስለ ስፋት ሲማር አይደናገርም። ከ5 ዓመት በታች ግን ያበሳጫቸዋል። መስመሩ ውስጡ የተሳለበትን አብነት አስቀድሙ፤ ጥላ ብቻ የሚያሳየውን ለኋላ አቆዩት።

የሥዕል ሱዶኩ ደግሞ አራት በአራት ሣጥን ነው፤ በየረድፉና በየዓምዱ አራቱ ሥዕሎች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። ፈረንጆቹ ላይ ዱባና አጥንት ነው። እኔ ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦትና የዕጣን ማጨሻ ሳልኩበት። ሥዕሌ የሚያስቅ ነው፣ ግን ተግባብተናል።

| ዓይነት | ዕድሜ | ቁጥር ሳያውቅ ይጨርሰዋል? | ስህተቱን ራሱ ያያል? | ጥቁርና ነጭ ይበቃል? | ስንት ጊዜ ይሠራል? |
|---|---|---|---|---|---|
| በነጥብ ላይ መጻፍ | 4½–6 | አዎ | አያይም | ነጥቡ ከደመቀ | ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ብዙ |
| ቆጥሮ ማዛመድ | 3–5 | አይችልም | አያይም | ይበቃል | 1 ወይም 2 |
| በቁጥር ቀለም መቀባት | 4–6 | ተራው አዎ፣ ባለ ነጥቡና ባለ ድምሩ አይችልም | በከፊል | የቀለሙ ስም ከተጻፈ | 1 |
| ነጥብ ማገናኘት | 4–7 | ሥዕሉ አስቀድሞ ከታወቀ አዎ | ያያል | ይበቃል | 1 |
| መደመርና መቀነስ | 6–7 | አይችልም | አያይም | ይበቃል | 1 |
| ልዩነት ፍለጋ | 4–7 | እንደ ሥዕሉ | በከፊል | የቀለም ልዩነት ከሌለው | 1 ወይም 2 |
| ባለ አሥር ቁራጭ ሥዕል | 4–7 | ቁጥሩ ከጀርባ ከሆነ አይችልም | ያያል | ባለ ቀለም ይሻላል | እስኪቀደድ |
| ታንግራም | ከ5 ጀምሮ | ቁጥር የለውም | ያያል | ይበቃል | እስኪቀደድ |
| የሥዕል ሱዶኩ | ከ5 ጀምሮ | ቁጥር የለውም | በከፊል | ይበቃል | ሥዕሎቹ ከተቆረጡ ብዙ |

ዕድሜው የኔ ግምት ነው። የባቄላው ፈተና ከልደት ቀን ይበልጣል።

ከየት ላምጣው?

ነፃ የእንግሊዝኛ ፋይል ብዙ ነው፤ ችግሩ ምርጫው ነው። 120 ገጽ ካወረዳችሁ 12ቱን መርጣችሁ አሳትሙ። ጥቅል የሚሸጡት የተሻለ ሥዕል አላቸው፣ በዕድሜም ተደራጅተዋል። ግን ቢያንስ ሦስት ናሙና ገጽ ሳያሳይ የሚሸጥላችሁን አትግዙ። «ከ1000 ገጽ በላይ» የሚለው ማስታወቂያ እኔን ያስፈራኛል። ደግሞ አብዛኞቹ ለግል ወይም ለአንድ ክፍል መጠቀሚያ ብቻ የተፈቀዱ ናቸው። አባዝቶ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

ቴሌግራም ላይ በአማርኛ የሚዞሩት ቋንቋው ይስማማል። ብዙዎቹ ግን የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ናቸው። በፎቶ መልክ ሲላክ ቴሌግራሙ ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ ላኪውን «በፋይል ላክልኝ» በሉት። የስህተት ቁጥርም አይጠፋም። አንዱ ገጽ ላይ ሰባት ማንጎ ተስሎ መልሱ 8 ይል ነበር።

ጥያቄ በራሱ የሚያወጣ ድረ ገጽ ለመደመርና ለመቀነስ ብቻ ጥሩ ነው፤ እስከ 10 ወይም እስከ 20 ብላችሁ ትወስናላችሁ። ለትንንሾቹ አይሆንም። የታተመ ደብተር ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር መግዛት ብዙ ጊዜ ከፕሪንት ይረክሳል፤ ኮምፒውተርም አያስፈልግም። ጉዳቱ የማትፈልጉት ግማሹም አብሮ መምጣቱ ነው። በእጅ መሥራትን አትናቁ። ልጄ እኔ የሳልኳትን የተንጋደደች ዶሮ ከፈረንጁ ዶሮ አብልጣ ትወዳታለች።

የሰዓት፣ የገንዘብና የግዕዝ ቁጥር ነገር

የሰዓት ወረቀት ላይ ተጠንቀቁ። አጭሩ ዘንግ 7 ላይ፣ ረጅሙ 12 ላይ። ወረቀቱ «7፡00» ይላል፤ አያት «አንድ ሰዓት» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ልጁ ግን ግራ ይጋባል። እኔ ልጁ 6 ዓመት እስኪሆነው ድረስ ሰዓት አላሳትምም። ከጀመራችሁ በአንዱ አቆጣጠር ብቻ ጀምሩ። ውጭ አገር ያላችሁ የዚያን አገር አስተምሩና፣ አያት ሲደወልላት ስልኩ ላይ ካለው የአዲስ አበባ ሰዓት ስድስት ሰዓት መቀነስን እንደ ጨዋታ አምጡት።

የገንዘብ ወረቀት አብዛኛው የአሜሪካ ሳንቲም ነው። እዚያ ያለ ልጅ ይፈልገዋል። እዚህ ያለ ልጅ ግን 10ሩ ሳንቲም ከ5ቱ በመጠን ለምን እንደሚያንስ የሚማርበት ምክንያት የለውም። ባለ 5፣ 10፣ 50 ብር ወረቀት ቆርጣችሁ ሱቅ ሱቅ ተጫወቱ፤ ያልቃል።

ቋንቋውን በተመለከተ አማርኛ አንድ ጸጋ አለው። «አሥራ ሦስት» ማለት አሥርና ሦስት መሆኑ ስሙ ላይ አለ። እንግሊዝኛው «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» ሲሆን ልጆች 13ን ከ30 ያምታታሉ። ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ቤት ውስጥ በአማርኛ ቁጠሩ። የጽሑፍ መመሪያ የሌለው ወረቀት ስለዚህ ይጠቅማል፤ በፈለጋችሁት ቋንቋ ትሠሩታላችሁ።

የግዕዝ ቁጥር ወረቀት የሚፈልጉ፣ በተለይ ውጭ ያሉ ወላጆች፣ ብዙ ናቸው። ይቆይ እላለሁ። 7ን ከ8 ገና ለማይለይ ልጅ ፯ እና ፰ መጨመር ሸክም ነው። እስከ 20 አሳምሮ ከቆጠረ በኋላ ግን ደስ ይላል። ፲፫ን ሲያይ አሥሩም ሦስቱም ፊቱ አሉ። «ዜሮ የት ሄደ?» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ እውነቱን ንገሩት፤ ግዕዝ ለዜሮ ምልክት የለውም።

ማሽኑ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት

የአሜሪካ ፋይል የተሠራው በሌተር ወረቀት ነው፤ 21.6 በ27.9 ሴንቲ ሜትር። የኛ ኤ4 21 በ29.7 ነው። በልኩ ካሳተማችሁት ጎንና ጎኑ ይቆረጣል። «ከገጹ ጋር አስማማው» የሚለውን አስመርጡ። አሜሪካ ሆናችሁ ከአዲስ አበባ ፋይል ከተላከላችሁ ደግሞ ላይና ታቹ ነው የሚቆረጠው። ያም ሆነ ይህ አንድ ገጽ ብቻ አሳትማችሁ እዩት። የ120ውን ታሪክ አስታውሱ።

ላሚኔት ማድረግ ለቁራጭ ሥዕልና ለታንግራም ያዋጣል። ለመጻፊያ ወረቀት ግን ፋይል ውስጥ የሚገባው ግልጽ ፕላስቲክ ይበቃል። ወረቀቱን ትከታላችሁ፣ በኋይትቦርድ ማርከር ይጻፋል፣ በጨርቅ ይጠፋል። እዚያው ቀን አጥፉት፤ ከቆየ ይነክሳል።

ለማን የትኛው?

ለወረቀት የሚወጣ ገንዘብ ከሌለ 30 እንቁላል የሚይዘውን የወረቀት ማስቀመጫ አትጣሉት። አምስት በስድስት ነው። ስድስት ስድስት ያላቸውን ሁለት ረድፎች ብትቆርጡ ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ይሆናል። አንድ ጠጠር፣ አንድ ጉድጓድ፤ ለባቄላው ፈተና ለወደቀ ልጅ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም። አምስት አምስት ያላቸውን ሁለት ረድፎች ብትቆርጡ የአሥር ሣጥን ይወጣል። ሰባት ሽምብራ ስታስቀምጡ ሦስት ባዶ እንደቀረ ልጁ በዓይኑ ያያል።

ጥቂት ማውጣት የሚችል አንድ ባለ አሥር ቁራጭ ሥዕል በቀለም፣ አሥር ገጽ ቆጥሮ ማዛመድ በጥቁርና ነጭ፣ አንድ ግልጽ ፕላስቲክ። ለ4 ዓመት ልጅ ይህ ሁለት ወር ይይዛል። ከፍ ያለ በጀት ያለውም ቢሆን ጥቅል ከመግዛቱ በፊት ታንግራምና ላሚኔት ላይ ያውጣው።

ልጁ አንደኛ ክፍል ሊገባ ከሆነ መደመሩ ላይ ባዶ ቦታው የሚቀያየረውን ፈልጉ፤ ከነጥብ ማገናኘት ጋር በቀን አንድ ገጽ። ቁጥር ሲባል የሚሸሽ ልጅ ካላችሁ ደግሞ የመደመሩን ወረቀት ለአንድ ወር ደብቁት፣ ልዩነት ፍለጋውን አምጡት።

የዜሮ ክፍል መምህራን ነገር የተለየ ነው። ለአርባ ልጅ አርባ ገጽ በየቀኑ አይታሰብም። ስምንት ቁራጭ ሥዕል አዘጋጅታችሁ ለአምስት አምስት ልጅ አካፍሉ፤ በየቀኑ ቡድኖቹ ይለዋወጡት። በየስብስቡ ጀርባ ቁጥሩን በተለያየ ቀለም እስክሪብቶ ጻፉት። ያለዚያ የስምንቱ ላሞች ቁርጥራጭ ይደባለቅና መለየቱ ለእናንተ ይተርፋል።